ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ?

ዛሬ ይዘን የመጣነው ጉዳይ አገር የሚያፈርስ አይደለም። ቤት ለማፍረስ ግን ትንሽ ነበር የቀረው። ነገሩ የኢርፎን ነገር ነው። አዎ፣ ያቺ ጆሮ ውስጥ የምትወተፍ ነገር። ባለገመዷ ትሻላለች ወይስ ገመድ አልባዋ?

አትሳቁ። እኛ ማለት ገርጂ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን የምንኖር ሁለት እህትማማቾች ነን። ጠዋት አብረን ወጥተን መገናኛ ላይ እንለያያለን፤ አንዳችን ወደ አራት ኪሎ፣ አንዳችን ወደ ሜክሲኮ። ማታ ተመልሰን እንገናኛለን። በልብስ ተስማምተናል፣ በወጥ ጨው ተስማምተናል፣ የቤት ኪራዩንም እኩል እንካፈላለን። በዚህች አንዲት ነገር ግን ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ታላቋ የገመድ ወገን ናት፤ ታናሿ የገመድ አልባ። ክርክሩ የሚካሄደው ማታ ማታ ነው። ድምፃችን ከፍ ሲል አከራያችን እትዬ ግድግዳውን ደብደብ ያደርጋሉ፤ ያኔ ክርክሩ ለነገ ይቀጠራል።

ይህን ጽሑፍ አብረን እንድንጽፍ ያደረገን ግን የኛ ክርክር አይደለም። አባዬ ነው። እሱ ጋ እስክንደርስ ታገሱን፤ መጀመሪያ የሁለቱንም ወገን ቃል እናሰማችሁ።

ከገመዱ እንጀምር፤ ታላቅ ይቀድማል።

ሽሮ ሜዳ ስናድግ ለሁለታችን የነበረችን አንዲት ኢርፎን ናት። ከስልክ ካርቶን ውስጥ የወጣች፣ መጀመሪያ ነጭ የነበረች፣ በኋላ ግን ቀለሟ ምን እንደሆነ ለመናገር የሚያስቸግር። ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ በሚወስደን ታክሲ ውስጥ የቀኙ ለታላቋ፣ የግራው ለታናሿ ነበር። ገመዱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላት ለጭንቅላት መጠጋጋት ነበረብን። ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሳይለን በፊት ተጠግተን እናገኘዋለን። ተጣልተን የወጣን ቀን እንኳ ዘፈን መስማት ካማረን መጠጋት ግድ ነው፤ አራት ኪሎ ስንደርስ የጠቡ ምክንያት ይጠፋብናል።

ይሄ የእጥረት ዘዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው ላይ የነበረው የማዳመጫ ቀዳዳ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው አኪዮ ሞሪታ፣ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ሲያዳምጥ አጠገቡ ያለውን ሰው መናቅ እንዳይሆንበት ሰግቶ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው አብሮ እንዲያዳምጥ ሁለት ቀዳዳ ተበጀለት። አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረችው፤ እሷን ሲጫኗት ዘፈኑ ዝቅ ይልና በትንሽ ማይክሮፎን አማካይነት ሁለቱ ሰዎች ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ ይጨዋወታሉ። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በኋላ ላይ ግን ሰው ብቻውን ማዳመጥ እንደሚወድ ታወቀ፤ ቁልፏም ሁለተኛው ቀዳዳም ቀሩ። የኛ ዓለም የተጀመረው ያኔ ነው።

ቀዳዳዋም የዋዛ አይደለችም። ስልካችን ላይ ያለችው 3.5 ሚሊ ሜትር የምትሆነው ቀዳዳ የ6.35 ሚሊ ሜትሯ ታናሽ እህት ናት። ታላቂቱ የተወለደችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የስልክ ኦፕሬተሮች ጥሪን ከጥሪ ጋር በእጃቸው እየሰኩ ያገናኙ በነበረበት ሰዓት ነው። ዛሬም ጊታር ከአምፕሊፋየር ጋር የሚገናኘው በእሷ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቅርጿን ሳትቀይር የቆየች ቴክኖሎጂ እስቲ ሌላ ጥሩ! (ይህን ነጥብ ታላቋ በየማታው ታነሳዋለች። እትዬ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል።)

አሁን ደግሞ የገመዱን ኃጢአት እንናዘዝ። አንደኛ፣ ይተበተባል። ቦርሳ ውስጥ አስተካክላችሁ ጠቅልላችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ ስታወጡት የተበላሸ ልቃቂት ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ሬይመር እና ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ክር ሳጥን ውስጥ እየከተቱ ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ አሽከርክረው አዩት። ክሩ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን በራሱ ይቋጥራል። ከ46 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ክር እምብዛም አይቋጠርም፤ ከዚያ እየረዘመ ሲሄድ ግን ቋጠሮው እየበረከተ ይመጣል። የኢርፎን ገመድ ደግሞ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ፍርዱ የተፈጥሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ይሞታል። ያውም በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ በአንድ ጎን እያጣጣረ ነው። ገመዱ ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በመታጠፍ ብዛት ውስጡ ያለችው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ትበጠሳለች። ከዚያ "እንዲህ አድርገሽ ከያዝሽው ይሠራል" የሚባለው ዘመን ይመጣል። ግማሹ የታክሲ ተሳፋሪ አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አጥብቆ ይዞ ሲጓዝ ካያችሁ ጸሎት ላይ አይደለም፤ ሽቦ እያገናኘ ነው።

ግን መሞቱ ራሱ ደግ አሟሟት ነው፤ ይጠገናልና። ሽሮ ሜዳ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። የተበጠሰውን ቦታ ቆርጠው፣ ሽቦዋን በላይተር ቃጠል ያደርጓታል። ለምን መሰላችሁ? ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በቀጭን ሽፋን ተቀብተዋል፤ ሽፋኑ ካልተቃጠለ ቆርቆሮ አይዝም፣ ብየዳውም አይሠራም። ከዚያ አዲስ መሰኪያ በያጅ ያደርጉበትና ገመዱ አንድ ጣት ያህል አጥሮ ይመለሳል። የኛዋ ሦስት ጊዜ ተጠግናለች። በየጊዜው እያጠረች ስለሄደች እኛም በየጊዜው ይበልጥ ተጠጋግተናል።

እሺ፣ መድረኩ ለታናሿ።

ገመድ አልባው አራዳ ነው፣ ገመዱ ፋራ። ነገሩ እንዲህ ሆኖ የተከፈለው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ነው። አፕል አይፎን 7ን ሲያስተዋውቅ ያቺን የመቶ ዓመት ቀዳዳ ደፈናት። ለምን ሲባሉ ድፍረት ነው አሉ። በዚያው መድረክ ላይ ኤርፖድ የሚባለውን በ159 ዶላር አስተዋወቁ። ልብ በሉ፤ በር ዘግቶ መስኮት መሸጥ ማለት ይኼ ነው። ያኔ የሳቁባቸው ሌሎች ኩባንያዎችም ብዙ አልቆዩም። ጉግል በዚያው ዓመት ያወጣው ስልክ ቀዳዳ ስላለው ሲኩራራ ከርሞ በዓመቱ እሱም ደፈነ። ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2019 ኖት 10 ላይ ተከተለ። ዛሬ ውድ ስልክ ከያዛችሁ ቀዳዳ የላችሁም፤ ርካሽ ስልክ ከያዛችሁ አላችሁ። (ርካሽ መሆን እንዲህ ሲጠቅም አይተን አናውቅም!) እኛ አገር ደግሞ ኤርፖድ ማለት የአፕል ብቻ መሆኑ ቀርቶ ገመድ የሌለው ሁሉ ስም ሆኗል። የማንም ይሁን የማን፣ ከሱቅ በደረቴም ይገዛ ከቦሌ፣ ኤርፖድ ነው።

ድምፁን ያለገመድ የሚያሻግረው ብሉቱዝ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ስዊድን ውስጥ፣ ኤሪክሰን ኩባንያ ነው። ስሙን ያገኘው ግን በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ብሉቱዝ ነው። ንጉሡ ተበታትነው የነበሩትን አንድ አድርጓል ይባላል፤ ቴክኖሎጂውም የተለያዩ መሣሪያዎችን አንድ ያደርጋል በሚል ነው። ስልካችሁ ላይ ያለችው የብሉቱዝ ምልክትም የንጉሡ ስም የመጀመሪያ ፊደላት በጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ጽሕፈት ናት። እንግዲህ ታክሲ ውስጥ ጆሮው ላይ ንጉሥ ሰክቶ የሚሄደው ስንቱ ነው!

ታናሿ የምታነሳው ትልቁ ነጥብ ግን ኑሮ ነው። መገናኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ? ግፊያው ውስጥ ገመድ ይዞ መግባት ማለት ራስን ማሰር ማለት ነው። አንዱ በትከሻው ይስበዋል፣ አንዷ በቦርሳዋ ዚፕ ትይዘዋለች፣ ስልካችሁ ከኪሳችሁ ተስቦ ይወጣል። ገመድ አልባ ሲሆን ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ እጅ ነፃ ነው፤ ሌባም የሚከተለው ገመድ አያገኝም። ወጥ እየሠሩ ማዳመጥ፣ ልብስ እያጠቡ ማውራት... ይህን ታላቋም አትክድም።

የገመድ አልባው ኃጢአትስ? ወይ ጉድ! ታናሿ የመጀመሪያ ኤርፖዷን በገዛች በሦስተኛው ሳምንት መገናኛ ላይ ከታክሲ ስትወርድ የግራው ከጆሮዋ ዱብ አለ። አንዴ ነጠረ፣ ሁለቴ ነጠረ፣ ከዚያ ክዳን አልባ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ጎንበስ ብላ ስታይ አንድ ሊስትሮ "ምን ወደቀብሽ እህት? ወርቅ ነው?" ሲላት "አይ፣ ጆሮዬ ነው" አለችው። ጉድጓዱ ውስጥ እንኳ ሳይሆን አይቀርም ለትንሽ ጊዜ እየዘፈነ ነበር። ገመድ ቢኖረው አንገቷ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ታላቋ ይህን ለመናገር አንድ ቀን እንኳ አልታገሰችም።

ባትሪውም አለ። በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ያለችው ባትሪ ከሽምብራ ብዙም አትበልጥም። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር ያረጃል፤ ከጥቂት መቶ ጊዜ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ትንሽ ባትሪ ደግሞ በየቀኑ ስለሚራገፍ ቶሎ ያረጃል። ዕቃ ፈታትቶ የሚመረምረው አይፊክሲት የተባለው ቡድን የመጀመሪያውን ኤርፖድ ለጥገና ምቹነቱ ከአሥር ዜሮ ነው የሰጠው። በሙጫ ተጣብቆ የተዘጋ ነው፤ መክፈት ማለት መስበር ነው። የሽሮ ሜዳው ጠጋኝም ቢሆኑ ምንም አያደርጉለትም። ባለገመዱ በቸልተኝነት ይሞታል፤ ገመድ አልባው ግን ስትንከባከቡትም በዕድሜው ይሞታል። መብራት የጠፋ ለታ ደግሞ ኬዙም ፍሬውም ስልኩም አብረው ይጾማሉ።

ስለ ድምፁም ትንሽ እንበል፤ ሙዚቃ አዋቂ ነን የሚሉ ወዳጆቻችን እንዳይቀየሙን። በገመድ የሚሄደው ድምፅ እንዳለ ይሄዳል። በብሉቱዝ የሚሄደው ግን መጀመሪያ ይጨመቃል፣ በአየር ይሻገራል፣ ጆሮ ጋ ሲደርስ ይፈታል። ዛሬ ዛሬ ጭመቃው ጥሩ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ቢኖር እናደንቃለን። የሚለየው መዘግየቱ ነው። ተዋናዩ አፉን ከፍቶ ከዘጋ በኋላ ድምፁ የሚመጣው ለዚህ ነው። ብዙ ስልኮች ፊልሙን ራሱን ትንሽ አዘግይተው ያመሳስሉታል፤ ጌም ላይ ግን ይኼ አይሠራም፤ ጥይቱ ከመታችሁ በኋላ ነው የተኩሱን ድምፅ የምትሰሙት። እማዬ የምትፈራው ጨረር ደግሞ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ብሉቱዝ የሚለቀው ጉልበት ስልኩ ራሱ ጆሮ ላይ ተደግኖ ሲወራበት ከሚለቀው በእጅጉ ያነሰ ነው።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች ጆሯቸውን ለጉዳት እያጋለጡ ነው ይላል። በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ የሚቻለው በ80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ዴሲቤል ላይ ከወጣ ግን የተፈቀደው በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ነው። ወያላው "ሜክሲኮ ሜክሲኮ" እያለ፣ ሹፌሩ የራሱን ዘፈን ከፍቶ፣ መኪናው እያጓራ እሱን ሁሉ ለመብለጥ እኛ ቮልዩሙን ሽቅብ እንገፋለን። አራት ሰዓት ደግሞ የሁለት ሦስት ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ከገመዱ በፊት የምታዩት ጎማውን ይሁን። ጫፉ ላይ ያለችው ለስላሳ ጎማ ጆሯችሁን በልኩ ከደፈነችው የውጭው ጩኸት ይቀንሳል፤ ያኔ ቮልዩም መጨመር አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ጎማ አብሮ ይሰጣል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሳይሞክራቸው ከካርቶኑ ጋር ይጥላቸዋል። እኛም ጥለናል። በአንድ ነገር ግን ሁለታችንም እንስማማለን፤ መንገድ ስትሻገሩ አንዱን ጆሮ ክፈቱት።

አሁን ወደ አባዬ።

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንቅልፉ ቀንሷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ ወዳጁ ሬዲዮ ነው። ድሮ ትልቅ ቴፕ ነበረችው፤ አንቴናዋ ተሰብሮ የልብስ መስቀያ ሽቦ ተክቶላት ዓመታት ሠርታለች። እሷ ስታርፍ ስልክ ገዛንለት። ስልኩ ኤፍ ኤም አለው። እማዬ እንቅልፏ ቀላል ስለሆነ በኢርፎን ያዳምጣል። አንዱን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ሌላውን "በር ሲንኳኳ ልስማ" ብሎ ደረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሸገር 102.1ን ይወዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንሄድ በሳምንቱ የሰማውን ሁሉ ይተርክልናል። የማን የሕይወት ታሪክ ተነገረ፣ ቡና ስንት ገባ፣ የት አገር ምን ሆነ... እኛ ጋዜጣ ማንበብ የተውነው በእሱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ያቺ ኢርፎኑ ግን የምታሳፍር ነበረች። መሰኪያው ጋ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልላለች፣ አንዱ ጎማ ወልቆ የለም፣ ገመዱ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። እንግዳ ሲመጣ ሼም ይይዘን ነበር። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ከደመወዛችን አዋጥተን ገመድ አልባ ገዛንለት። ያቺን አንድ ቀን ክርክራችንን ትተን ተስማማን፤ ታላቋ እንኳ "ለእሱ ይቅለለው" ብላ እጇን ሰጠች። አባዬ ካርቶኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ ረጅም ምርቃት መረቀን። ስልኩ ላይ አገናኘንለት፣ አንድ ዘፈን ከፍተን አሰማነው፣ ሳቀ። አሮጌዋን እኛው በእጃችን አንስተን ቆሻሻ ውስጥ ጣልናት። "ይቺን ደግሞ ዳግመኛ እንዳናያት" አልን። ይህን ቃላችንን ዛሬ ስናስታውሰው ያመናል።

መስከረም አለፈ። ጥቅምት አለፈ። ቅዳሜ ስንሄድ አባዬ ወሬ አነሰበት። "ሬዲዮስ ምን አለ?" ስንለው "ያው ነው፣ ምን አዲስ አለ" ይለናል። ሥራ ስለበዛብን ነው መሰል አላስተዋልንም። እንዲያውም አንዳችን "አባዬ ዝምተኛ ሆነ፣ እርጅና ነው" ብላ ነበር። የየትኛችን ቃል እንደሆነ አንናገርም።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ እዚያው አደርን። ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ስንነሳ አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። መብራት አላበራም፣ ጆሮው ላይ ምንም የለም። ዝም ብሎ ቁጭ።

"አባዬ፣ ሬዲዮህን አትሰማም?"

"ኧረ እሰማለሁ። ዛሬ እንቅልፍ ይመጣል ብዬ ነው።"

እማዬ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና "የምን ዛሬ ነው! ሁለት ወሩ ነው እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲያድር። ጠይቁት እንጂ" አለች።

ስንጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ካርቶኑን አወጣ። ኤርፖዱ እንዳለ በላስቲኩ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። "ሬዲዮው አልከፈት አለኝ" አለን። "በስተርጅና ነገር አላውቅ ብዬ የሆነ ነገር ነክቼ አበላሸሁት። ስንት ብር አውጥታችሁ የገዛችሁልኝን በሳምንቱ አበላሸሁ ብዬ እንዴት ልንገራችሁ?"

ወዳጆች፣ የዚያን ሌሊት አፈር ሆንን። ስልኩን ተቀብለን ሬዲዮውን ስንከፍት አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቅ አለች። ኢርፎን ይሰኩ፣ አንቴናው እሱ ነው ትላለች፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ብሉቱዙ ተገናኝቷል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። አባዬ ምንም አላበላሸም። ያበላሸነው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍ ኤም በ102.1 ሜጋ ኸርዝ ሲተላለፍ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሜትር ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ይህን በደንብ የሚይዝ አንቴና የሞገዱን ሩብ፣ ማለትም ሰባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ያን የሚያህል ዘንግ ስልክ ላይ አይተከልም። ስለዚህ የስልክ ሠሪዎቹ ብልሃት ፈጠሩ። ከአንድ ሜትር የሚበልጠውን የኢርፎን ገመድ ራሱን አንቴና አደረጉት። ያ የተቋጠረ፣ ፕላስተር የተጠቀለለበት ገመድ ድምፁን ወደ ጆሮው እያወረደ፣ በዚያው ጊዜ ጣቢያውን ከአየር ላይ እየለቀመ ነበር። ድሮ ቴፑ ላይ የሰካት የልብስ መስቀያ ሽቦ ምትክ እሱ ነበር። ብሉቱዝ ሌላ መንገድ ነው፤ ከስልኩ ወደ ጆሮ ያደርሳል እንጂ ከጣቢያው ወደ ስልኩ ምንም አያመጣም። እኛ ገመዱን ስንጥል አንቴናውን ጣልን።

በኢንተርኔት ይሰማ ነበር ትሉ ይሆናል። ይሰማል። ግን ዳታ ይበላል፤ አባዬ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ ነው የሚያድረው። ኤፍ ኤም በነፃ ነው። መብራት ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ያን ሁሉ ስንገዛ አላሰብነውም። ያሰብነው እንግዳ ሲመጣ የሚይዘንን ሼም ነው።

ጠዋት ሳይነጋ ወጣን። ቅዳሴ የሚመለሱትን እያለፍን አስፋልቱ ዳር አንድ ሱቅ በደረቴ አገኘን። "ኦሪጅናል ነው እህት፣ ካልሠራ መልሱት" አለን። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ለጥንቃቄ ሁለት ገዛን።

አባዬ ስልኩ ላይ ሰካው። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ። አባዬ ምንም አልተናገረም፤ የቀኙን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። የግራው እንደ ልማዱ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ለእማዬ ሲዘረጋላት "እኔ እንቅልፌን ልተኛበት፣ ሁለት ወር ሙሉ አንተን ስጠብቅ ነው የከረምኩት" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታናሿ፣ ያቺ የገመድ አልባ ጠበቃ፣ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለችና የግራውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ገመዱ አጭር ነው። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አስደግፋ ዜናው እስኪያልቅ ቆየች። ታላቋ ቡና እያፈላች ነበር፤ "አላልኩሽም?" የሚለውን ቃል አፏ ላይ አድርሳ ዋጠችው።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ሆነ? ምርጫው የጆሮ አይደለም፤ የኑሮ ነው። ስልካችሁ ቀዳዳ አለው? ኤፍ ኤም ትሰማላችሁ? ጌም ትጫወታላችሁ? ዕቃ ትጥላላችሁ? ለአንዱ እንኳ አዎ ካላችሁ ገመዱን ያዙ። ግፊያ ውስጥ ትውላላችሁ፣ እጃችሁ ሥራ አይፈታም፣ በሁለት ሦስት ዓመት ሌላ ለመግዛት አቅም አላችሁ? ገመድ አልባው ይሁንላችሁ። ለሌላ ሰው ስትገዙ ግን ኢርፎኑን ከመምረጣችሁ በፊት ያን ሰው ጠይቁት፤ ምን ትሰማለህ፣ መቼ ትሰማለህ፣ በምን ትሰማለህ በሉት። አሮጌውንም ወር ሳይሞላው አትጣሉ።

የአባዬ ኤርፖድ ወደ እኛ ተመለሰ። "እናንተው ተጠቀሙበት፣ እኔ ወዳጄን አግኝቻለሁ" አለን። አሁን ታላቋ ወጥ ስትሠራ ጆሮዋ ላይ አይጠፋም፤ ስንጠይቃት "ባክኖ እንዳይቀር ብዬ ነው" ትላለች። ታናሿ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ባለገመድ ትይዛለች፤ ከሱቅ በደረቴው የገዛነው ሁለተኛው ነው። ስታወጣው ሁልጊዜ ተቋጥሮ ነው የምታገኘው።

ቅዳሜ ሄደን ነበር። አባዬ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። የቡና ዋጋ ላይ ስንደርስ ምሳ ቀረበ፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥሮናል።

ቸር ሰንብቱ!